ቅድሚያ ለመቀመጫዬ፦ ከአዳማ በስተምሥራቅ የተገኘ ዕውቀትና የተቆራረጠ ታሪኩ

(በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ስለዚህ ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ዶልፊን ማኅበራዊ ኑሮ የሚወጣ ዜና ለአዳማ ወይም ለመተሐራ ሰው የሩቅ ወሬ ነው። ዓሣ ነባሪዎች በጎሳ ይኖራሉ፣ እያንዳንዱ ጎሳ የራሱ የድምፅ ምልክት አለው፣ ወንድ ዶልፊኖች ማኅበር ይመሠርታሉ፣ ማኅበራቸውም ከሌላ ማኅበር ጋር ይወዳጃል ይባላል። አንባቢው ተደንቆ ስልኩን ኪሱ ይከታል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል።

የእንስሳት ኑሮ እንደ ሰው ኑሮ በደረጃ የተደራጀ ሊሆን እንደሚችል፣ ቤተሰብ በጎሳ ውስጥ፣ ጎሳም ከዚያ በሚሰፋ ስብስብ ውስጥ ሊኖር እንደሚችል ዓለም በዝርዝር ከተማረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ግን ባሕር አይደለም። ከአዳማ ተነስቶ በወለንጪቲ፣ በመተሐራና በአዋሽ አልፎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደው የባቡር መስመር ዳር ነው። አስተማሪዎቹም መንገደኛ ከመኪና መስኮት ሙዝ የሚወረውርላቸው ዝንጀሮዎች ናቸው።

ይህ ታሪክ የሚያኮራም የሚያስቆጭም ነው። የሚያኮራው፣ ትልቅ ግኝት የወጣው ከዚህ ምድር ስለሆነ ነው። የሚያስቆጨው፣ ዕውቀቱ በየመሐሉ እየተቋረጠ፣ ቀድሞ የጀመረው አገር ዘግይቶ በጀመረ ጎረቤት መቀደሙ ነው።

ከለንደን ኮረብታ እስከ ኤረር ጎታ

ነገሩ የጀመረው በስህተት ነበር። በ1925 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሰው ሠራሽ ኮረብታ አሠርቶ መቶ ገደማ ዝንጀሮዎች ለቀቀበት። ዝርያቸው ሐማድርያስ የሚባለው ነው። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ቆላዎች፣ በቀይ ባሕር ማዶም በየመንና በሳዑዲ ዓረቢያ ይኖራል። ጎልማሳው ወንድ ከትከሻው የሚወርድ ብርማ ካባ የለበሰ ይመስላል። በለንደን የታሰበው ወንዶችን ብቻ ለማስገባት ሲሆን ጥቂት ሴቶች በስህተት ተቀላቀሉ። በ1927 ደግሞ 30 ሴቶች ተጨመሩ። ከዚያ የሆነው እልቂት ነበር፤ ወንዶቹ በሴቶቹ ሲሻሙ አብዛኞቹ ሴቶች በፍልሚያው መሐል አለቁ።

ይህን የተከታተለው ሶሊ ዙከርማን በ1932 ባሳተመው መጽሐፍ የዝንጀሮን ማኅበር አንድ አድርጎ የያዘው ወሲብና ጉልበት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ሰው አሳመነ። ማንም ያልጠየቀው ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ነበር፦ እነዚህ እንስሳት እርስ በርስ ይተዋወቁ ነበር ወይ? አይተዋወቁም ነበር። ከያለበት ተይዘው፣ ያለ ዘመድና ያለ ወዳጅ አንድ ግቢ ውስጥ የተጣሉ ባዕዳን ነበሩ። በለንደን የታየው ማኅበር የፈረሰበት ስብስብ እንጂ ማኅበር አልነበረም።

ጥያቄውን ወደ ሜዳ ያወጣው ሐንስ ኩመር የተባለ የስዊዘርላንድ ሰው ነው። በ1950ዎቹ በዙሪክ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አብሮ የቆየ የሐማድርያስ ቡድን ሲያጠና በለንደን የተባለውን የመሰለ እልቂት አላየም። እውነቱን ለማወቅ እንስሳቱ በራሳቸው አገር መታየት ነበረባቸው። በ1960 እና በ1961 መካከል፣ የታኅሣሥ ግርግር አዲስ አበባን ባናወጠበት ዘመን፣ ኩመርና ባልደረባው ፍሬድ ኩርት ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ባለው ደረቅ አገር፣ በኤረር ጎታ አካባቢ ገደል ለገደል ሲዞሩ ነበር።

ይህ ዝንጀሮ ለዓለም እንግዳ አልነበረም። የጥንት ግብፃውያን የጽሕፈትና የጥበብ አምላካቸው የጦጥ ምልክት አድርገውት ነበር። ንግሥት ሐትሼፕሱት በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች ዝንጀሮ ጭነው ሲመለሱ በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በቅርብ ዓመታት በግብፅ በተገኙ የደረቁ የዝንጀሮ አስከሬኖች ላይ የተደረገ ምርመራም ምንጫቸው ዛሬ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በሚባሉት አገሮች በኩል እንደሆነ አመልክቷል። ሦስት ሺህ ዓመት ሙሉ ሲመለክ፣ ሲሸጥና ሲታሰር የኖረውን እንስሳ በአገሩ ተቀምጦ ኑሮውን በዝርዝር የመዘገበ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም።

ገደሉ የሚያመጣው አንድነት

በአማርኛ «ቅድሚያ ለመቀመጫዬ አለች ዝንጀሮ» ይባላል። ሰው የሚናገረው ለቀልድ ነው፤ ነገር ግን ኩመር ካገኘው ነገር እኩሌታው በዚህ ተረትና ምሳሌ ውስጥ አለ። በዚያ ደረቅ አገር ምግቡ የተበታተነ ነው፤ የግራር ፍሬና አበባ፣ ሳርና ሥራሥር እዚህም እዚያም ይገኛል። ብዙ ሆኖ አንድ ላይ መብላት አይቻልም። ሌሊት ከነብርና ከጅብ የሚያስጥል ቀጥ ያለ ገደል ደግሞ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሲመሽ ብዙ ሆኖ አንድ ላይ ማደር ግድ ነው። ቀን መበተን፣ ማታ መሰብሰብ። ማኅበራቸው በዚህ ልክ የተሰፋ ነው።

ከታች ያለው ቤተሰብ ነው፤ አንድ ወንድ፣ ከአንድ እስከ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው። ከቤተሰብ በላይ ጎሳ አለ፤ የሚመሳሰሉና የሚቀራረቡ ወንዶች ከነቤተሰባቸው የሚሄዱበት። ከጎሳ በላይ ጭፍራ አለ፤ አብሮ ወጥቶ አብሮ የሚጓዝ፣ ሌላ ጭፍራ ሲነካውም አብሮ የሚከላከል። ከሁሉ በላይ በገደሉ ላይ የሚያድረው መንጋ ነው፤ ቁጥሩ አንዳንዴ መቶዎችን ያልፋል። የጎሳን ደረጃ ለይቶ ያወጣው ኩመር ብቻውን አይደለም፤ በ1970ዎቹ እዚያው ኤረር ጎታ የተከተለው ተማሪው አቤግለን ነው። ኩመር የመጀመሪያውን ጥናት በ1968 በመጽሐፍ ሲያሳትም ዓለም የዝንጀሮን ማኅበር የሚያይበት ዓይን ተለወጠ።

ጠዋት ጠዋት የሚሆነው ነገር በተለይ ይገርም ነበር። መንጋው ከገደሉ አናት ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አንድ ወጣት ወንድ ተነስቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ይራመዳል፤ ቤተሰቡ ይከተለዋል፤ ቁጭ ይላል። ሌላው በሌላ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። መንጋው በየአቅጣጫው እጅ እንደሚያወጣ ነገር ይዘረጋል፣ ይሰበሰባል። በመጨረሻ አንድ አሮጌ ወንድ ተነስቶ ከእነዚህ አቅጣጫዎች በአንዱ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሁሉም ይነሳል። ሐሳብ የሚያቀርቡት ወጣቶቹ፣ የሚቆርጠው ሽማግሌው ነው። የኩመር ተማሪዎች በኋላ እንዳዩት ጠዋት የሚመረጠው አቅጣጫ እኩለ ቀን ላይ የሚገናኙበትን የውኃ ቦታ የሚጠቁም ነው፤ በመሐል ተበታትነው ቢውሉም እዚያው ይገናኛሉ።

ይህን የሚያነብ የኢትዮጵያ ሰው ወዲያው የአገር ሽማግሌ፣ የኦዳ ጥላና የፓርላማ ወንበር ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። ሆኖም ዝንጀሮን እያዩ ስለ ሰው ፖለቲካ መተንተን ዙከርማን የሠራውን ስህተት በሌላ በኩል መድገም ይሆናል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ጠባብ ነው፤ ጠባብ በመሆኑም ጠንካራ ነው፦ አንድ ማኅበር የሚታወቀው አባላቱ አንድ በአንድ ሲታወቁ ብቻ ነው።

የተማሩትና የተወለዱበት

ኩመርና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ተመልሰው ሙከራ አደረጉ። በአዋሽ ሸለቆ ላይኛው ክፍልና በደጋው በኩል ሌላ ዝርያ አለ፤ አኑቢስ ይባላል፤ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቡናማ ነው። በአኑቢስ ዘንድ የአንድ ወንድ ቤተሰብ የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ ተወልደው ባደጉበት መንጋ ከእናትና ከእህት ጋር ይኖራሉ፤ ወንዱ ነው ወደ ሌላ መንጋ የሚሄደው። በሐማድርያስ ግን ወንዱ ሴቶቹን ይጠብቃል፤ የራቀችውን አንገቷ ላይ ነክሶ ይመልሳታል።

አጥኚዎቹ የአኑቢስ ሴቶችን ይዘው በሐማድርያስ መንጋ መሐል ለቀቁ። ወንዶቹ ወዲያው ያዟቸው። እነዚያ ሴቶች መጀመሪያ ሲሸሹ ተነከሱ፤ በአንድ ሰዓት ገደማ ግን የሚነክሳቸውን ወንድ መከተል ተማሩ። የሐማድርያስ ሴቶች ወደ አኑቢስ መንጋ ሲገቡ ደግሞ የሚከተሉት ጌታ አላገኙም፤ ብዙም ሳይቆዩ እንደ አኑቢስ መኖር ጀመሩ። «ተፈጥሮዋ ነው» የተባለው የሴቷ ታዛዥነት በአብዛኛው ትምህርት ሆኖ ተገኘ።

ሌላው ሙከራ የዙከርማንን ድምዳሜ ከሥሩ የነቀለ ነው። ከአንድ መንጋ የመጡ ሁለት የሚተዋወቁ ወንዶች ተወሰዱ። አንዱ ከማያውቃት ሴት ጋር አንድ ግቢ ገባ፤ ሌላው 15 ደቂቃ ያህል ከአጥር ውጭ ሆኖ አየ። ከዚያ ሁለተኛውም ገባ። ጉልበቱ ቢበልጥም አልነካትም። ፊቱን አዞረ፤ ወደ ሰማይ አየ፤ መሬት ላይ ያለ ጠጠር ነካካ። የሌላው መሆኗን አይቷልና። በለንደን እስከ ሞት የተፋለሙት እንስሳት በሚተዋወቁበት አገር ይህን ያህል ይከባበራሉ።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1977 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አልፎ እስከ ድሬዳዋ ሲደርስ የባቡሩ መስመር የጦር ሜዳ ሆነ። ከ1960 የጀመረው የኤረር ጎታ ሥራ እዚያው ላይ ቆመ። በስማቸው ሳይሆን በመልካቸውና በጠባሳቸው የሚታወቁት ዝንጀሮዎች፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የተጻፈላቸው፣ ተከታይ አጡ።

አዋሽ ላይ የተቀላቀሉት

በዚያው ዘመን ወደ አዳማ በቀረበው ጫፍ ሌላ ምዕራፍ ተከፍቶ ነበር። ከአዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ መተሐራን እንዳለፉ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 ነው፤ በአዋጅ የጸናው በ1969። ወንዙ ከፏፏቴው ወርዶ ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ከፏፏቴው በላይ አኑቢስ፣ ወደ ታች ሐማድርያስ፣ በመሐል ደግሞ ሁለቱም የሆኑና ሁለቱንም ያልሆኑ ዝንጀሮዎች ይኖራሉ።

የስዊዘርላንዱ ኡልሪሕ ናገል የእነዚህን ኑሮ ከሁለቱ ወገኖች ጋር አወዳድሮ በ1973 አሳተመ። በዚያው ዓመት ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መጥተው ሥራ ጀመሩ። ዝንጀሮዎቹን በወጥመድ እየያዙ፣ እየለኩ፣ የጥርሳቸውን ቅርጽ እያነሱ፣ ደም እየወሰዱ፣ ምልክት አድርገው ይለቋቸው ነበር። መቋረጡ ባይቀርም በየጊዜው እየተመለሱ አሥርት ዓመታት ቆዩ።

በአማርኛ ዲቃላ የሚለው ቃል ስድብ ነው። በአዋሽ ግን ድቅሎቹ ጤነኞች ናቸው፤ ይወልዳሉ፤ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። መልካቸው ብቻ ሳይሆን ጠባያቸውም በመካከል ነው። ድቅል የሆነ ወንድ ሴቶችን ለመጠበቅ ይሞክራል፤ ግን እንደ ንጹሑ ሐማድርያስ አይሆንለትም፤ ሴቶቹም አንዴ ይከተሉታል፣ አንዴ ይተዉታል። ከዚህም አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ተነሳ፦ መልካቸውና ኑሯቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ሲገናኙ የሚዋለዱ እንስሳት ሁለት ዝርያ ናቸው ወይስ አንድ?

ጆሊ በ2001 ባሳተመው ጽሑፍ ዝንጀሮዎቹን ለሰው ልጅ ታሪክ ማነጻጸሪያ አደረጋቸው። የጥንት የሰው ዓይነቶችም ሲገናኙ ተዋልደው ሊሆን እንደሚችል የሚያስረዳ ሕያው ምሳሌ ከፏፏቴው ዳር አለ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2010፣ የኒያንደርታል ዘረመል ሲነበብ ቅልቅሉ በእርግጥ እንደነበረ ታወቀ። ሉሲ በ1974 የተገኘችው በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ ነው። የሰው አጥንት ሲነሳ ሁሉም አዋሽን ያስታውሳል፤ የዝንጀሮዎቹን ድርሻ የሚያነሳ ግን ጥቂት ነው።

ሴቶቹን ያየች ሴት

ከፓርኩ በስተሰሜን ፊሎሃ የሚባል ፍልውኃ አለ፤ ዙሪያው ዘምባባ ነው። ላሪሳ ስዌዴል ከ1996 ጀምራ እዚያ ያሉትን ሐማድርያሶች አጠናች። እስከዚያ ድረስ ታሪኩ የወንዶች ታሪክ ነበር፤ የጠባቂው፣ የነካሹ፣ የወሳኙ። በ2006 ያሳተመችው መጽሐፍ ማኅበሩን ከሴቶቹ በኩል ያያል። ሴቶቹ ዝም ብለው የሚነዱ አይደሉም። እርስ በርስ ይላላሳሉ፣ ቅማል ይለቃቀማሉ፤ አንዳንዴም ጠባቂያቸው እያለ ከሌላ ቤተሰብ ሴት ጋር ወዳጅነት ያቆያሉ። ኋላ ላይ በፊሎሃ የተደረገ የዘረመል ምርመራ ደግሞ ወንዶቹ በተወለዱበት ስብስብ እንደሚቀሩና በጎሳ ውስጥ ያሉት ዘመድ እንደሚሆኑ አረጋገጠ፤ ቀደምቶቹ በመልክ መመሳሰል ብቻ የገመቱት በደም ተመሰከረ።

ዙከርማን ግቢ ውስጥ ስላየ ማኅበሩን አላየም። ኩመር ሜዳ ወጥቶ ማኅበሩን አየ፤ ሴቶቹን ግን ከወንዶቹ ጀርባ አየ። ስዌዴል ሴቶቹን አየች። እያንዳንዱ ያለፈውን አርሟል፤ ማረም የተቻለው ግን ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ስለተገኘ ነው።

በባሕር የሆነው

በባሕር የተከናወነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካናዳዊው ማይክል ቢግ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኦርካ የሚባሉትን ትላልቅ ዶልፊኖች በክንፋቸው ቅርጽና በጀርባቸው ምልክት እያንዳንዳቸውን በፎቶ መለየት ጀመረ። ያን ጊዜ ኦርካዎች ለመዝናኛ ገንዳ እየተያዙ ይሸጡ ነበር፤ ብዙ ናቸው ተብሎ ስለሚገመት ግድ የሰጠው አልነበረም። አንድ በአንድ ሲቆጠሩ ግን ከተገመተው እጅግ ያነሱ ሆኑ። ከነዋሪዎቹ ኦርካዎች ደግሞ ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ዕድሜ ልኩን ከእናቱ እንደማይለይ ታወቀ። አንዱን መያዝ ቤተሰብ ማፍረስ ነበር። በዚያ የባሕር ዳርቻ መያዙ በዚያው አሥርት ዓመት ቆመ።

በምዕራብ አውስትራሊያ በሻርክ ቤይ ከ1982 ጀምሮ የሚጠኑት ወንድ ዶልፊኖች በሁለትና በሦስት ሆነው እንደሚወዳጁ፣ ወዳጆቹም ከሌሎች ወዳጆች ጋር እንደሚተባበሩ በ1992 ታተመ። ስፐርም የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች በእናትና በአያት ዙሪያ በተሰበሰቡ ቤተሰቦች እንደሚኖሩ፣ ቤተሰቦቹም በድምፅ ምልክታቸው በሚለዩ ሰፋፊ ጎሳዎች እንደሚካተቱ ሃል ዋይትሄድና ባልደረቦቹ አሳዩ። ቤተሰብ በጎሳ ውስጥ፤ ኤረር ጎታ ላይ እንደታየው ዓይነት አደረጃጀት፣ ዋልታው ግን አባት ሳይሆን እናት ናት።

እዚህ ላይ የባሕሩና የየብሱ ታሪክ ይለያያል። የዓሣ ነባሪ ዝማሬ በ1970 በሸክላ ታትሞ ሕዝብ ሰማው። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን በ1982 ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ። ለውሳኔው ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የቁጥሩ ማሽቆልቆል አንዱ ነው። ሆኖም ሰው ዓሣ ነባሪን እንደ ዘይት በርሜል ማየት ትቶ ዘመድና ድምፅ ያለው ፍጡር አድርጎ ማየቱ ቀላል ግፊት አልነበረም። ስለ አዋሽ ዝንጀሮ የተጻፈው ግን ቀድሞ ቢጀመርም በአዳማና በመተሐራ የሚታወቅ ነገር አልሆነም። ዝንጀሮ አሁንም ያው ሰብል አጥፊና የስድብ ቃል ነው።

ዕውቀቱ ሲጠቅም

እንዲህ ያለ ጥናት የሠለጠነ አገር ቅንጦት ነው የሚል ካለ ከሻሸመኔ ወደ ባሌ የሚወጣውን መንገድ ይያዝ። በባሌ ተራሮች ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም የቀረው 500 ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ የሚገኘውም እዚያው ነው። አይጥ የሚያድነው ለየብቻው ነው፤ የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። ጠዋትና ማታ ተሰብስቦ ወሰኑን አብሮ ይቃኛል፤ ቡችሎቹንም ሁሉም ይንከባከባል። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ሲተላለፍበት እንዲህ ተቀራርቦ የሚኖር ቤተሰብ አንድ ላይ ያልቃል። በ2003 በዌብ ሸለቆ የተነሳው ወረርሽኝ ከሸለቆው ቀበሮዎች አብዛኞቹን ገደለ።

ሁሉንም መከተብ አይቻልም ነበር። አጥኚዎቹ ግን ቤተሰቦቹ የት እንደሚኖሩና ሸለቆ ከሸለቆ በየት በኩል እንደሚገናኝ ከዓመታት ክትትል ያውቁ ነበር። ስለዚህ በጠባብ መተላለፊያዎቹ ላይ ያሉትን ቤተሰቦች መርጠው ከተቡ፤ በሽታው ወደ ቀሪው እንዳይሻገር ተገታ። የዚህ ስልት ስሌት በ2006 ኔቸር በተባለው ታላቅ የሳይንስ መጽሔት ታተመ። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር ማወቅ እዚህ ላይ ሕይወት አድኗል።

የኢትዮጵያውያንም እጅ በዚህ ታሪክ አለ። ጭላዳ የሚገኘው በሰሜኑና በመሐል አገር ደጋ ብቻ ነው ሲባል፣ ጃፓናዊው አኪዮ ሞሪና ኢትዮጵያዊው ጉርጃ በላይ በዋቢ ሸበሌ ሸለቆ፣ በአርሲ በኩል ሌላ የጭላዳ ሕዝብ እንዳለ በ1990 አሳተሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለም በዚያው የአርሲ ጭላዳ ላይ ከጃፓናውያኑ ጋር ሠርቷል። በሌላ በኩል ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ በስሜን ተራሮች ጭላዳ ሲያጠና ቆይቶ፣ በኋላ ስለ አእምሮ መጠንና ስለ ማኅበር ስፋት ባቀረበው ሐሳብ በዓለም ታወቀ፤ አንድ ሰው በቅርበት ሊያውቀው የሚችለው ሰው ብዛት 150 ገደማ ነው የሚባለው የእሱ ነው። ቁጥሩን በየስብሰባው የሚጠቅሱት የኢትዮጵያ ባለሙያዎች ሰውዬው ከስሜን እንደተማረ ብዙም አያነሱም።

የመቀመጫ ጉዳይ

አሁን ከኬንያ ጋር ያለውን ልዩነት ማየት ይበጃል። በአምቦሴሊ የዝንጀሮ ጥናት ሳይቋረጥ የቀጠለው ከ1971 ጀምሮ ነው፤ ኤረር ጎታ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬ ከግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። በየቀኑ ሜዳ የሚውሉት ኬንያውያን የመስክ ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አሥርት ዓመታት ቆይተዋል፤ ስማቸውም በጥናቶቹ ላይ በጸሐፊነት ሰፍሯል። ከዚያ የወጣው ዕውቀት የሰው ሐኪሞች ሳይቀሩ የሚጠቅሱት ነው፦ ጥሩ ወዳጅ ያላት እናት ልጆቿ ይበልጥ እንደሚተርፉ፣ በልጅነቷ ድርቅና የእናት ሞት የተደራረበባት ዝንጀሮ ዕድሜዋ እንደሚያጥር። እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ዓመት ጉዞ አይገኝም። ዝንጀሮ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊኖር ይችላል፤ አያትን፣ እናትንና ልጅን ለማየት አጥኚው ከአንድ ትውልድ በላይ መቀመጥ አለበት።

ኢትዮጵያ ያጣችው ይህንን መቀመጫ ነው። እንስሳቱ አልጠፉም፤ ጥያቄው ቀድሞ እዚህ ተጠይቋል፤ ዘዴውም እዚህ ተፈትኗል። የጎደለው መቆየት ነው። አንዴ ጦርነት፣ አንዴ የገንዘብ ማለቅ፣ አንዴ የአጥኚው ጡረታ እየመጣ መዝገቡ ይዘጋል። መዝገቡም፣ የደም ናሙናውም፣ ፎቶውም በአብዛኛው ባሕር ማዶ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ነው ያለው።

ቦታውም አልቆመም። ፓርኩ በታወጀበት ሰሞን የሆላንዱ ኩባንያ በመተሐራ የሸንኮራ አገዳ እርሻ አስፋፋ። በሁለቱ መሐል የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውንና ወደ አዋሽ የሚወርዱበትን መንገድ አጡ። ስለዚህ በመተሐራ «ፓርክ» ሲባል ለአንዳንዱ ትርጉሙ የእንስሳ መጠለያ ሳይሆን የተወሰደ መሬት ነው። ይህ ቅሬታ ሳይሰማ ስለ ዝንጀሮ ማውራት ሰሚ አያገኝም። የበሰቃ ሐይቅ እየሰፋ መሬት ይውጣል። የጅቡቲ የጭነት መኪኖች ቀንና ሌሊት ፓርኩን አቋርጠው ያልፋሉ። ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በፈንታሌ ዙሪያ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ወጡ።

ይህ ሁሉ ባለበት ዝንጀሮ መቁጠር የሚጠቅመው ማንን ነው? በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቅመው እዚያው የሚኖረውን ነው። የትኛው መንጋ ገደሉን ትቶ ወደ አገዳው እንደወረደ፣ የትኛው ከአስፋልቱ ዳር ተረፈ ምርት ለማኝ እንደሆነ፣ የትኛው የመጠጫ ውኃውን እንዳጣ የሚያውቅ ሰው ሰብል መጠበቂያ መላም ሊያመጣ ይችላል። አዳማ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት። ከግቢው እስከ ፏፏቴው የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። የከረዩና የአፋር እረኞች የትኛው መንጋ በየትኛው ገደል እንደሚያድር ከማንም በፊት ያውቃሉ። ተማሪውና እረኛው ተቀናጅተው ለሃያ ዓመት የማይዘጋ አንድ መዝገብ ቢጀምሩ የሚያስፈልጋቸው አጉሊ መነጽር፣ ደብተር፣ ካሜራና የማይቋረጥ ትንሽ ደመወዝ ነው።

ዛሬም ፀሐይ ስትጠልቅ ዝንጀሮዎቹ በየቤተሰባቸው እየሆኑ ወደ አዋሽ ገደል ይመለሳሉ። ወጣቶቹ ቀድመው፣ ሽማግሌዎቹ ዘግይተው፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ እያንዳንዱ የራሱን ጠርዝ ይይዛል። ቅድሚያ ለመቀመጫዬ ያለችው ዝንጀሮ አልተሳሳተችም። ዕውቀትም መቀመጫ ይፈልጋል።